ከየትኛው ወንበር ነው የምታዩት?

እስቲ የመድረኩን መብራት ትንሽ ቀነስ አድርጉልኝ። ይበቃል፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ላፕቶፖች ተደርድረዋል። ሦስቱም ላይ የተከፈተው አንድ ፎቶ ነው። አንዲት እናት ነጭ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጠዋል። ፋይሉን ከአንድ ፍላሽ ነው የገለበጥኩት፤ አንድም ነገር አልነካካሁም። አሁን ከወንበራችሁ ሳትነሱ በስተግራ ያለውን ብቻ እዩልኝ። ፊት ረድፍ ያላችሁ ከመድረኩ ዝቅ ስላላችሁ አንጋጣችሁ ነው የምታዩት። ለእናንተ ፎቶው ጠቁሯል፤ ጥላ ያረፈበት ጉንጫቸው ደግሞ እንደ ድሮ ፊልም ኔጌቲቭ ተገልብጧል። መሀል ያላችሁ ደህና አድርጋችሁ ስለምታዩ ምን ጎደለው ትላላችሁ። ሰገነት ላይ ላላችሁት ግን ዱቄት የተነሰነሰባቸው ነው የሚመስሉት። ተሳሳትኩ? ሰገነቱ እየሳቀ ነው፤ አልተሳሳትኩም ማለት ነው።

አዘጋጆቹ ስለ ላፕቶፕ ስክሪን ተናገር ሲሉኝ መጀመሪያ ላይ አመንትቼ ነበር። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ሥራዬ የሰርግና የክርስትና ፎቶ ማንሳትና ኤዲት ማድረግ ነው። ነገሩን የተማርኩትም ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከኪሴ በወጣ ገንዘብ ነው። ሥራውን ስጀምር አንድ የሰርግ አልበም ተቀበልኩ። ቀን ቀን ሌላ ሥራ ስለነበረኝ ኤዲቱን ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነበር የምሠራው። ነጩ ቀሚስ ስክሪኔ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላ መሰለኝና ቢጫ ጨመርኩ። የሙሽሮቹ ፊት የገረጣ መሰለኝና አጠቆርኩት። በማግስቱ ማታ አቀማመጤን ለወጥ አድርጌ ሳየው ደግሞ ጨለመብኝ፤ አነጣሁት። እንዲህ ሳነሳና ስጥል አንድ ሳምንት ከርሜ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ሰጠሁ። አልበሙ የደረሰ ቀን የሙሽራዋ እናት ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ምነው ቀሚሳችንን ቅቤ አስነካህብን?» አሉኝ።

አታሚውን ልወቅስ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ምንም ሳይናገር የእኔን ፋይል በራሱ ስክሪን ላይ ከፈተው። ቅቤው እዚያው ነበር። አልበሙን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ።

የዚያን ላፕቶፕ ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለጽሑፍ የተሠራ ዕቃ ላይ ቀለም ልሠራ መሞከሬ። ግን ከዚያ በኋላም ሌላ ስህተት ሠራሁ። «አይፒኤስ የሚባል ስክሪን ያለው ግዛ፣ ይገላግልሃል» ተባልኩና ገዛሁ። የግማሹን ችግር ገላገለኝ፤ ግማሹ ቀረ። ዛሬ የምነግራችሁ ይሄንኑ ነው። ስክሪን ከጎን ሲያዩት የማይለወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ቀለሙ ትክክል መሆኑ ሌላ ነገር ነው። ገበያው ላይ ሁለቱም በአንድ ቃል ተጠቅልለው ይሸጣሉ። ጥቅሉን ልፍታላችሁ።

ከማዕዘኑ ልጀምር። የስክሪኑ ዋና ነገር ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል፤ ታሪኩ ከካሮት ይጀምራል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በ1888፣ ዛሬ ዓመት የምቆጥረው ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ ፕራግ ውስጥ ፍሬድሪክ ራይኒትዘር የሚባል ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካሮት ካገኘው ኮሌስትሮል የሠራውን ውህድ ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ ቀለጠበት። በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ድፍርስ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ጥርት አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ድፍርስ ነገር እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ጠጣር ነገር ሰልፍ ይይዛሉ። ያ ሰልፍ በኤሌክትሪክ ሊታዘዝ መቻሉን ሰው እስኪያስተውል ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። በ1970 መጨረሻ ላይ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ባለው በሆፍማን ላ ሮሽ የመድኃኒት ኩባንያ ማርቲን ሻት እና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ ቲኤን የሚባለውን አሠራር ፈለሰፉና የባለቤትነት መብት ጠየቁበት። የእጅ ሰዓትና ካልኩሌተር በዚህ ተሠሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ዘመን ላፕቶፖችም እንዲሁ።

አሠራሩን በአጥር ልንገራችሁ። ሁለት የቀርከሃ አጥር አስቡ፤ የአንዱ ቀርከሃ ቆሟል፣ የሌላው ተጋድሟል። በቆመው አጥር ክፍተት ሽቅብ የያዛችሁትን በትር አሳልፋችሁ ስታበቁ የተጋደመው ላይ ይጋጫል። ስክሪን ውስጥ ያሉት ሁለት ማጣሪያዎች እንደዚህ ናቸው፤ ከኋላ የሚመጣው ብርሃን በአንደኛው ያልፋል፣ ሁለተኛው ያግደዋል። በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ግን እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደርድሮ በትሩን 90 ዲግሪ አዙሮ ስለሚያቀብል ብርሃኑ ይወጣል። ነጭ ማለት ይሄ ነው። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ሞለኪውሎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የሚያዞር የለም፤ ጥቁር ይሆናል። የሚገርም ብልሃት ነው።

ችግሩ ያለው መሀል ላይ ነው። ነጭም ጥቁርም ያልሆነውን ለማሳየት ሞለኪውሎቹ ግማሽ ድረስ ይነሱና ወደ አንድ ወገን ዘመም ብለው ይቆማሉ። የከፋይ ካባ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? የሙሽራውን ካባ በእጃችሁ ወደ ታች ስትዳስሱት ይጠቁራል፣ ወደ ላይ ስትዳስሱት ያበራል። ጨርቁ አልተለወጠም፤ ፀጉሩ የተኛበት አቅጣጫ ነው። ቲኤን ስክሪን ላይ ያለው መካከለኛ ብርሃን ሁሉ ልክ እንደ ከፋይ ፀጉር ነው። ከላይ የሚያየው ሰው ሞለኪውሉን ከጎኑ ያየዋል፤ ከታች የሚያየው ከጫፉ። ከግራና ከቀኝ ለውጡ ይቀላል፤ ጉዱ ከላይና ከታች ነው። ለዚህም ነው ሰገነቱና ፊት ረድፉ የተጣላችሁት።

ባለሱቁ «ምን ሆነ፣ ጥርት ብሎ ይነበባል» የሚላችሁም ለዚሁ ነው። ውሸቱን አይደለም። ጽሑፍ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በቲኤን ላይ ሁለቱ ጫፎች ብዙም አይናወጡም። የሚናወጠው መሀሉ ነው። የእኛ ፊት ደግሞ መሀል ላይ፣ ከዚያም ወደ ጥላው ወገን ነው ያለው። ኮዳክ ለብዙ ዓመታት ቀለም የሚያስተካክልበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው የናሙና ፎቶ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ፊልሙም ላብራቶሪውም በእሷ ቆዳ ተቃኝተው የጠይም ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። የቲኤን ስክሪን ማንንም አስቦ የተሠራ አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። ነገር ግን ዱላው የሚያርፍበት ቦታ ያው እዚያው ነው። የጠይም ፊት ጥላ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ለማየት አንገታችሁን በጥቂት ዲግሪ ማዘንበል ሲበቃ፣ ኤዲት የምታደርጉት ፊቱን ነው ወይስ አንገታችሁን?

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «እኔ ብቻዬን ፊት ለፊቱ ነው የምቀመጠው፤ ማዕዘን ምን ያደርግልኛል?» እናስላው። ባለ 14 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 17 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዓይናችሁን መሀሉ ትይዩ አድርጋችሁ በ50 ሴንቲሜትር ርቀት ብትቀመጡ፣ የላይኛውን ጠርዝ 10 ዲግሪ ያህል ከታች፣ የታችኛውን ጠርዝ 10 ዲግሪ ያህል ከላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት። ሳትነቃነቁ 20 ዲግሪ ልዩነት ዓይናችሁ ውስጥ አለ። ብዙ የላፕቶፕ ቲኤን ፓኔሎች መግለጫ ላይ በአንዱ የቁመት አቅጣጫ የተፈቀደው ማዕዘን ደግሞ 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ፔይንት ከፍታችሁ ስክሪኑን ሙሉ በአንድ ዓይነት ግራጫ ሙሉት። ላዩ ጠቆር፣ ታቹ ገርጣ ካለባችሁ ቲኤን ላይ ናችሁ። ርካሽ ዕቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስንቱ የሚመኘው የአፕል ማክቡክ ኤር እስከ 2017ቱ ሞዴል ድረስ ቲኤን ነበር።

የአይፒኤስ ሐሳብ ቀላል ነው። ሞለኪውሎቹን ለምን እናስነሳቸዋለን? እንደተኙ ይዙሩ። ጠረጴዛ ላይ እንደተጋደመ የሰዓት ቆጣሪ አስቡት፤ ከየትም ወገን ብታዩት እኩል ተኝቷል፣ የሚዞረው ጠረጴዛውን ሳይለቅ ነው። ጀርመን ፍራይቡርግ ላይ ጉንተር ባውር ከባልደረቦቹ ጋር ሐሳቡን አፍታተው የባለቤትነት መብት አወጡበት፤ ጃፓን ውስጥ ሂታቺ በ1996 ለገበያ አበቃው። በነፃ አልመጣም። ኤሌክትሮዶቹ ሁሉም በአንድ መስታወት ላይ ስለሚሰለፉ ብርሃን ይጋርዳሉ፤ ብርሃኑን ለመካስ ከኋላ ያለው መብራት ጠንከር ማለት አለበት፤ ባትሪው ይበላል፤ ዋጋው ይወደዳል። ላፕቶፕ ውስጥ ለመግባት ብዙ ዓመት የፈጀበት በዚህ ነው። አሁንም ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁር ፎቶ ከፍታችሁ በማዕዘን ብታዩት ጥጉ ላይ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ታያላችሁ፤ ያ የአይፒኤስ ጠባዩ ነው፣ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ቪኤ የሚባል ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ጥቁሩ ከአይፒኤስ የጠለቀ ነው፤ ቴሌቪዥንና የጠረጴዛ ሞኒተር ላይ ሞልቷል፣ ላፕቶፕ ላይ ግን ከስንት አንዴ ነው የምታገኙት። አልፈዋለሁ።

አይፒኤስ ካርቶን ላይ «178 ዲግሪ» የሚል ታገኛላችሁ። ከ180 ሁለት ብቻ ነው የጎደለው፤ ሰማይ ነው! አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ኮንትራስቱ፣ ማለትም ነጩ ከጥቁሩ የሚበራበት እጥፍ፣ ወደ 10 ለ 1 እስኪወርድ ድረስ ነው። ፊት ለፊት ስታዩት 1000 ለ 1 የነበረ ስክሪን መቶ እጥፍ ደክሞም «ይታያል» ይባላል። ቀለሙ ተለወጠ አልተለወጠ ቁጥሩ ውስጥ የለበትም። ወጡ ቀጥኖ ቀጥኖ ውሃ እስኪሆን ድረስ «ወጥ ነው» እንደማለት ነው። ሁለት ባለ 178 ዲግሪ ፓኔሎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በ45 ዲግሪ ብታዩ አንዱ ፊቱ ሲለዋወጥ ሌላው ንቅንቅ ላይል ይችላል።

ማዕዘኑ እዚህ ላይ ይብቃን። ወደ ቀለሙ ልሂድ፤ እኔን ሁለተኛ ጊዜ ያሞኘኝ እሱ ነው።

ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ሦስት ክር ብቻ ተሰጠው እንበል፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ጥበቡን ሁሉ ከእነዚህ አዋህዶ ያወጣል። ቀዩ ክር ከመጀመሪያው ብርቱካን የመሰለ ከሆነ ሸማኔው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ይሁን ደም የመሰለ ቀይ አይወጣለትም። ስክሪን ውስጥ ያሉት ሦስቱ ክሮች የሦስቱ ማጣሪያዎችና ከኋላቸው ያለው መብራት ውጤት ናቸው። ተራ የላፕቶፕ መብራት ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ ፎስፎር ተቀብቶበት ነጭ የሚመስል ነው። ሰማያዊው ሞልቷል፣ ቢጫው ሞልቷል፤ ጥልቅ ቀይ ግን ገና ከምንጩ ያንሳል። ማጣሪያውም ብርሃን እንዳይበላ ቀጭን ተደርጎ ስለሚሠራ ቀዩ ውስጥ ቢጫ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ በርካሽ ፓኔል ላይ በርበሬው ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፤ ሰንደቅ ዓላማችን ሦስት ቀለሙ ወደ መሀሉ ተሰባስቦ የተጣላ ቤተሰብ የታረቀ ይመስላል።

ይህን ስፋት ጋሙት ይሉታል፤ በመቶኛ ይለኩታል፤ ማጭበርበሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። አንዱ ኩባንያ በኤንቲኤስሲ ይሰፍራል፤ በ1953 ለአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የወጣ መስፈርት ነው። ሌላው በኤስአርጂቢ ይሰፍራል፤ ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት በ1996 ያቀረቡት፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ አብዛኛው የሚከተለው ነው። ሦስተኛው ፒ3 ይላችኋል፤ ከሲኒማ የመጣ፣ ከኤስአርጂቢ የሰፋ። በቁናና በኪሎ እህል እንደማወዳደር ነው። ለማስታወስ የሚበቃችሁ ይሄ ነው፤ 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ ማለት ከሞላ ጎደል 100 በመቶ ኤስአርጂቢ ማለት ነው። 72 የተባለውን ትቶ 100 የተባለውን ለመግዛት ብር የጨመረ ሰው አውቃለሁ። 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ ደግሞ ከኤስአርጂቢ 62 በመቶ ገደማ ነው። እኔ «ይገላግልሃል» ተብዬ የገዛሁት አይፒኤስ ይሄ 45ቱ ነበር። ከየትኛውም ወንበር ብታዩት ያው ነው፤ ከየትኛውም ወንበር እኩል የተሳሳተ።

አሁን ከሦስቱ ላፕቶፖች ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ፤ ከጓደኞቼ የተዋስኳቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱም የ2011 ሞዴል ናቸው፤ ሁለቱንም የሠራው ሌኖቮ ነው። በስተግራ ያለው፣ ያጣላችሁ፣ ቲንክፓድ ደብሊው520 ይባላል። መሀል ያለው ትንሹ ቲንክፓድ ኤክስ220 ነው፤ 12.5 ኢንች። ኤክስ220 በዚያ ዘመን ለላፕቶፕ ብርቅ የነበረውን አይፒኤስ በምርጫ አቅርቦ ስሙን ያስጠራበት ነው። ሰገነትም ፊት ረድፍም መሀሉን እዩት። ተስማማችሁ አይደል? እናትዬዋ ለሁላችሁም አንድ ናቸው። ነገር ግን የነጠላቸውን ጥለት ተመልከቱ፤ ቀዩ ቀይ ነው?

ደብሊው520 በፉል ኤችዲ ምርጫው የተሠራው ለዲዛይነርና ለኢንጂነር ነበር። ሰፊ ቀለም ያለው፣ ኩባንያው 95 በመቶ ጋሙት ብሎ ያስተዋወቀው ፓኔል አለው። ከኤስአርጂቢ አልፎ ይሄዳል። በምርጫም እጅ ማሳረፊያው ላይ ቀለም የሚለካ ሴንሰር ይገጠምለት ነበር፤ ክዳኑን ስትዘጉት ስክሪኑ ሴንሰሩ ላይ ይተኛና ራሱን ይለካል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተደረገለት ፓኔል ግን ቲኤን ነው! ቀለሙ ሰፊ፣ ማዕዘኑ ጠባብ። ጎኑ ያለው ደግሞ ማዕዘኑ ሰፊ፣ ቀለሙ መጠነኛ። አንድ ዓመት፣ አንድ የፋብሪካ ስም። ማዕዘንና ቀለም ሁለት ናቸው ስል ከእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች የተሻለ ምስክር የለኝም።

ስፋት ብቻውንም አያድንም፤ ከመሀል ያላችሁ ደብሊው520 ላይ ያለውን ጥለት እዩ። ይነዳል። ፎቶው በኤስአርጂቢ ነው የተቀመጠው፤ የከፈትኩበት ፕሮግራም ደግሞ ቀለም የሚተረጉም አይደለም፤ «ሙሉ ቀይ» ሲባል ስክሪኑ ያለውን ሙሉ ቀይ አወጣ። የጠየቅነው የእናትዬዋን ጥለት ነበር፤ የሰጠን የእሳት አደጋ መኪና ነው። ሰፊ ጋሙት የሚገዛ ሰው የቀለም ፕሮፋይል ማስገባት፣ ቀለም የሚያስተዳድር ፕሮግራም መጠቀም አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ካሊብሬተር የሚባለውን የቀለም መለኪያ ገዝቶ ባለ 45 በመቶውን «አስተካክላለሁ» የሚል ወጣት ይገጥመኛል። ነጩን ያስተካክልለታል፤ የእኔን ቅቤ ያስቀርለት ነበር። የሌለውን ቀይ ክር ግን አይፈትልለትም።

ስለ ነጩ አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛ ሥራ ነጭ ይበዛበታል። ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙ ርካሽ ፓኔሎች ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ዓይናችን ቶሎ ይለምደውና «ነጭ ነው» ይለናል። የፈረንጅ የሙሽራ ቬሎ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ቢያደላ ማንም አያስተውልም፤ የጥጥ ቀሚስ ግን ተፈጥሮው ሞቅ ያለ ነጭ ስለሆነ ሰማያዊ ስክሪን ላይ የታመመ ይመስላል። ስታክሙት ወረቀቱ ላይ ቢጫ ይወጣል። መድኃኒቱን ለጤነኛ እንደመስጠት ነው።

ሦስተኛው፣ በስተቀኝ ያለው፣ ኦሌድ ነው። ከኋላው መብራት የለም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። በ1987 ኮዳክ ውስጥ ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ ያቀረቡት ሥራ ነው ለዚህ መንገድ የከፈተው፤ ላፕቶፕ ላይ መታየት የጀመረው በ2016 አካባቢ ነው። ጥቁሩን እዩ፤ ጀበናዋን እዩ። ሰገነት፣ ምን ይመስላል? ትንሽ ሰማያዊ ነገር አለበት ያልከው ወንድሜ ዓይንህ ጥሩ ነው። ኦሌድ ከጎን ሲያዩት ኮንትራስቱ አይወድቅም፤ ነጩ ግን እንደ ፓኔሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያመልጣል። ብራይትነሱን ስትቀንሱ ደግሞ ብዙዎቹ በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ነው የሚቀንሱት፤ ራሱን የሚያመው ሰው አለ። የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የዊንዶውስ የታችኛው መስመር፣ በዓመታት ውስጥ ጠባሳ ሊተው ይችላል። የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ኦሌድ በጣም ያምራል። ያላለቀ ኤዲት ያለቀ ያስመስላል። ወረቀት አያበራም፤ ያ ጥቁር ወረቀት ላይ የለም። ደንበኞቻችሁ ፎቶውን በስልክ ብቻ የሚያዩ ከሆነ ኦሌድ ግዙ፤ የብዙ ስልክ ስክሪንም ያው ኦሌድ ነው። አልበም የምታሳትሙ ከሆነ ሙሉ ኤስአርጂቢ ያለው ደህና አይፒኤስ ይበቃችኋል፤ እኔ የምሠራው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውን ይዘረዝራል፤ ስክሪኑ ላይ ሲደርስ «14 ኢንች ፉል ኤችዲ» ብሎ ያልፋል። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነጥብ አለው ማለት ነው፤ የነጥቦቹን ብዛት እንጂ ጠባያቸውን አይናገርም። ራም ትጨምራላችሁ፣ ኤስኤስዲ ትቀይራላችሁ፤ ስክሪን መቀየርም ይቻላል፣ ግን ፒኑ፣ ማሰሪያው፣ ውፍረቱ ሁሉ ሊገጥም ይገባል፣ ዋጋውም እንደ ራም አይደለም።

ባለፈው ለእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ትሁት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ አይፒኤስ ነው፣ እንደ ቲቪ ነው» አለኝ። ብራይትነሱን እስከ ጥግ ከፈትኩ፤ ቻርጀሩንም ሰካሁ። ይሄን አትርሱ፤ አንዳንድ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሆኑ ኃይል ለመቆጠብ ብለው ብርሃኑንና ኮንትራስቱን እንደ ሥዕሉ ራሳቸው ይለዋውጣሉ። መብራት በሄደበት ሰዓት ስክሪን መርምሮ መግዛት በጨለማ በግ እንደመግዛት ነው። ከዚያ ፔይንት ላይ ግራጫ ሞላሁ። ቁጢጥ አልኩ፣ ቆምኩ፣ ክዳኑን ወደ ኋላ ለጠጥኩ፣ መለስኩ። ልጁ ትንሽ ታገሰኝና፣ «ጋሼ፣ የሚገዙት ላፕቶፕ ነው ወይስ መስታወት?» አለኝ። ግራጫው አልተናወጠም፤ እውነቱን ነው፣ አይፒኤስ ነበር። ቀጥዬ ገጹን በሙሉ ቀይ ሞላሁና ስልኬ ላይ ያለውን ተመሳሳይ ቀይ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ስልኬ ላይ ቀይ ነበር፤ ላፕቶፑ ላይ የበሰለ ፓፓያ። ልጁ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «ውይ!» አለ። ያንን ትቶ ከመደርደሪያው ሌላ አወረደልኝ፤ ሞዴሉ ቁርጥ ያው ነው፣ ቁጥሩም አንድ። ቀዩ ቀይ ሆነ።

እንዴት ሆነ? አንድ ሞዴል የተለያየ ጋሙት ባለው ፓኔል በምርጫ ይሸጣል፤ አንዱን ምርጫ ራሱ ሁለትና ሦስት ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ተሰብሮ በሌላ ተተክቶም ሊሆን ይችላል። ማወቅ ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማናጀር ገብታችሁ ሞኒተር የሚለውን ክፈቱ፤ ዲቴይልስ ላይ ሀርድዌር አይዲ የሚለው ውስጥ ሦስት ፊደል ታገኛላችሁ፤ ኤልጂዲ ከሆነ ኤልጂ ዲስፕሌይ፣ ሲኤምኤን ከሆነ ኢኖሉክስ፤ ኤዩኦና ቢኦኢ በራሳቸው ስም ናቸው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ኮድ ፓኔሉን ለመለየት ፍንጭ ይሰጣችኋል። ፈልጋችሁ ሙሉ የፓኔል ቁጥሩን ካገኛችሁት የፋብሪካውን መግለጫ ታገኛላችሁ፤ 45 ይሁን 72 እዚያ ላይ ተጽፏል።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም የምትሉ ደግሞ አንድ የታተመ ፎቶ በቦርሳችሁ ያዙ። በደንብ የታተመ፣ የምታውቁት ሰው ፊትና ነጭ ልብስ ያለበት። ፋይሉን በፍላሽ። ሱቁ በር ላይ፣ የቀን ብርሃን ባለበት፣ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ያዙት። እኔ የምይዘው የዚያን የሰርግ አልበም አንድ ገጽ ነው፤ ደግሜ ያሳተምኩትን። ቅቤ የነካው ገጽ ግን እናትየው ጋ ነው ያለው። ልመልስልዎት ብላቸው «ተወው፣ እንግዳ ሲመጣ የምንስቅበት እሱ ነው» ብለው ከለከሉኝ።

በሉ፣ ወሬው ይብቃና ተነሡ። ሰገነት ላይ ያላችሁ ቀድማችሁ ውረዱ፤ እስካሁን በስተግራ ያለውን ስክሪን ፊት ለፊት አላያችሁትም። ፊት ረድፎች ደግሞ ቦታቸውን ያዙላቸው።